ሰኔ 30 የሚያልቅ ቡድን

ሐምሌ ሲገባ ሆሳዕና ላይ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ዝናብና የዝውውር ወሬ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል። ወሬው ግን ሰዓት የለውም። ባጃጅ ውስጥ አለ፣ ፀጉር ቤት አለ፣ ጎፈር ሜዳ ቡና የምታፈላው ልጅ ጋ አለ፣ ከጆሃንስበርግ በሌሊት በሚላክ የድምፅ መልእክት ውስጥም አለ። «እገሌ ተስማማ።» «ኧረ አልተስማማም፣ ሲዳማ ቡና ቀድሞታል።» «የሚያስፈልገን አማካይ ነው፣ አጥቂ ምን ያደርግልናል?» «አንተ ደሞ አምናም እንዲሁ ስትል ነበር።»

ይህን ክርክር እወደዋለሁ። አሁን አዲስ አበባ ተቀምጬ ኮድ እየጻፍኩም ስልኬ ላይ እከታተለዋለሁ። በእኛ አካባቢ ሰው ስለ ጋራ ገንዘብና ስለ ጋራ ውሳኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከራከርበት ቦታ ብዙ የለም፤ የሀዲያ ሆሳዕና አሰላለፍ ላይ ግን የሊስትሮው ልጅም ዶክተሩም እኩል አስተያየት አላቸው። ስለዚህ ክርክሩ ይቅር የሚል ጽሑፍ አይደለም ይሄ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እኛ ነብሮቹን የምንደግፍ ሰዎች ስንት ክረምት የተከራከርነው ስለ ስም ነው፤ ማን ይምጣ፣ ማን ይሂድ። ስለ ውል ርዝመት ሲሟገት የሰማሁት ሰው በጣት ይቆጠራል። ቡድኑን በየዓመቱ የሚያፈርሰው ግን የውሉ ርዝመት ነው።

እስቲ «አስፈረመ» የሚለውን ግስ እንየው። በስፖርት ዜናችን የክረምቱ ንጉሥ እሱ ነው። ፎቶው ሁሌም ያው ነው፤ ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶ ይዟል፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ፣ ከጎኑ የክለቡ ሰው ቆሟል። ዜናው ከአራት መስመር አይበልጥም። ከየት እንደመጣ፣ በፊት የት የት እንደተጫወተ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «በአንድ ዓመት ውል» ወይም «በሁለት ዓመት ውል» የምትል ሐረግ። እኛ ስሙ ላይ ስንደርስ ማንበብ እናቆማለን። ሐረጓን የሚያያት የለም። እሷ ግን የዜናውን ትርጉም ትቀይረዋለች፤ በአንድ ዓመት ውል የመጣ ተጫዋች የተከራየነው ቤት ነው። ቀለም ብንቀባው፣ በር ብናድስለት ጥቅሙ ለቀጣዩ ተከራይ ነው።

ሌላው የሚገርመኝ «ስብስብ» የሚለው ቃል ነው። ጋዜጠኞቻችን ለአንድ ክለብ ተጫዋቾች በሙሉ የሰጡት ስም ነው። ጥሩ ቃል ነው፣ ችግሩ እውነቱን መናገሩ ነው። የተሰበሰበ ነገር ይበተናል።

የሆነውን በዓመተ ምሕረት ላስቀምጠው። ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተው በ2008 ነበር፤ በዚያው ዓመት ወረደ። ሦስት የውድድር ዓመት ታች ከርሞ በ2012 ተመለሰ። የሰንጠረዡ ታችኛው ክፍል ላይ እየዳከረ ሳለ ኮሮና መጣ፣ ውድድሩ ተሰረዘ፣ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖር ዓመቱ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ ክለብ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ቀስ ብሎ መሠረት መጣል ወይ ገበያ ወጥቶ መግዛት። ክለቡ ገበያ ወጣ። የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ አሸናፊ በቀለ መጡ። ከአዳማ ከተማ ዳዋ ሆቴሳ መጣ፣ ሱለይማን ሀሚድ መጣ፣ ሌሎችም ስም ያላቸው መጡ። ያን ክረምት ሆሳዕና ላይ ተከራካሪ ጠፋ፤ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። 2013 ሲጀመርም ቡድኑ ከመሪዎቹ ተርታ ነበር።

ከዚያ የደመወዝ ጥያቄ መጣ። ያልተከፈለው ገንዘብ እየተጠራቀመ ሄዶ ተጫዋቾች ልምምድ እስከ ማቆም ደረሱ፤ ክለቡም የውድድሩ ማብቂያ ላይ ከተስፋ ቡድን ልጆች አምጥቶ ለማሰለፍ ተገደደ። ስለዚህ ጉዳይ የነበረው ክርክር ሁለት ወገን ነበረው። «ተጫዋቾቹ ከዱን» የሚለውና «ክለቡ አዋረደን» የሚለው። እኔ ተጫዋቾቹ ላይ አልፈርድም፤ የሰው ላብ ነው፣ ይከፈላል። ያኔ ማንም ያላነሳው ግን ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። ክረምቱ ሲመጣ ዳዋ ወደ አዳማ ተመለሰ፣ ሱለይማን ቅዱስ ጊዮርጊስ ገባ። በጥር 2014 ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም ውስጥ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩንን ስትገጥም፣ ጨዋታው በተጀመረ በ4ኛው ደቂቃ ዳዋ ጎል አገባ። ካሜሩን መልሳ 4 ለ 1 አሸነፈች፣ እሱን እንተወው። ሆሳዕና ላይ ያየው ሰው «የእኛ ልጅ ነበር እኮ» ብሏል። ነበር። ከእሱም ከሱለይማንም እጃችን ላይ የቀረ አጥቂ የለም፣ ተከላካይ የለም። የተረፈን የተከፈለው ብር ደረሰኝ ነው።

በዚያው በ2013 ሻምፒዮን የሆነውን ፋሲል ከነማን ደግሞ እንይ። ዐፄዎቹም የከተማ ክለብ ናቸው፤ ባንክ አይደሉም። (ዳሽን ቢራ ከጀርባቸው አለ፣ ይሄን አልክድም።) ሳማኪ ግቡ ላይ፣ ያሬድ ባየህ መሀል ተከላካይ፣ ሱራፌል ዳኛቸው አማካይ፣ ሽመክት ጉግሳ መስመር ላይ፣ ሙጂብ ቃሲም ፊት። እነዚህ ሰዎች በ2011 ቡድኑ በመቐለ 70 እንደርታ ለጥቂት ተቀድሞ ሁለተኛ ሲወጣም ነበሩ። በመሀል አሰልጣኝ ተቀየረ፤ ውበቱ አባተ ሄዱ፣ ሥዩም ከበደ መጡ። አከርካሪው ግን አልተነካም። ዋንጫው የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። እኛ ሦስተኛ ዓመት የሚባል ነገር የለንም። ሁሌም አንደኛ ዓመት ላይ ነን።

ለምን ይሆን? «አመራሩ ኳስ ስለማያውቅ ነው» የሚለው መልስ ለቡና ወሬ ይሆናል፣ ብዙ ግን አያራምድም። እኔ የማየው የቀን መቁጠሪያ ችግር ነው። የአብዛኞቹ የሊጋችን የክልል ክለቦች ወጪ የሚሸፈነው በመንግሥት በጀት ነው፤ ከዞን፣ ከከተማ አስተዳደር፣ አልፎ አልፎ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ከሚቆረጥ መዋጮ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የተጫዋች ውልም ሰኔ 30 ያልቃል። ይሄ የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። የዘንድሮው ኃላፊ የከርሞን ገንዘብ ቃል መግባት አይችልም፤ ከርሞ እሱ ራሱ በወንበሩ ላይ ይኑር አይኑር አያውቅም። ስለዚህ በእጁ ባለው ብር የአንድ ዓመት ቡድን ይገዛል። ግለሰቡን ስታዩት ምክንያታዊ ነው። እንደ ክለብ ስታዩት እብደት ነው።

በኛ ሙያ እንዲህ ያለ ሲስተም ብታስረክብ ሥራህን ታጣለህ። ሁሉም ፈቃድ፣ ሁሉም ሰርቨር፣ ሁሉም ኮንትራት በአንድ ሌሊት የሚያልቅበት ሲስተም! ማንኛውም ጀማሪ ቀኖቹን ያሰባጥራቸዋል።

የስፖርት ዜናዎችን ብቻ ይዛችሁ ሰንጠረዥ ሥሩ ብላችሁስ? ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ከየት መጣ፣ ውሉ መቼ ያልቃል፣ ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ከተስፋ ቡድን ነው ወይስ ከውጪ። ሰባት ዓምድ ይበቃል። (የዕድሜውን ዓምድ በእርሳስ ሙሉት። በኢትዮጵያ እግር ኳስ ዕድሜ ሐሳብ ነው።) በአንድና በሁለት ዓመት ውል የተሠራ ቡድን ሲሆን የውል ማብቂያው ዓምድ ላይ የሚጻፉት ቀናት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የዘንድሮ ሰኔ 30 እና የከርሞ ሰኔ 30። ይሄን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ደጋፊ «አጥቂ ይምጣ» ከማለቱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የሚሠሩ ደጋፊዎች ያየሁት አውስትራሊያ ውስጥ ነው። በርቀት አብሬያቸው የምሠራ የሜልበርን ልጆች አሉ፤ በሞላላ ሜዳ፣ በሞላላ ኳስ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን የራሳቸውን እግር ኳስ ይከታተላሉ። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት የሚያወሩት ስለ «ሊስት» ነው። ስንት ተጫዋች ከ30 ዓመት በላይ ሆነ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የማን ውል ያልቃል፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ተከላካዩን ማን ይተካል። በ18 ክለብ ሊግ ውስጥ ደካማው እንዳይሞት የተሠራ ሥርዓት አላቸው። ከ1986 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አዳዲስ ወጣቶችን ክለቦች በተራ ይመርጣሉ፣ መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል። ከ1987 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አለ። ደስ የሚለኝ ሌላም ደንብ አላቸው፤ አባቱ ለአንድ ክለብ 100 ጨዋታ ከተጫወተ ልጁን ለመውሰድ ክለቡ ቅድሚያ አለው። እኛ ጋ መጀመሪያ 100 ጨዋታ የሞላ አባት ይገኝ። በ30 ጨዋታ የውድድር ዓመት 100 ማለት ከሦስት ዓመት በላይ አንድ ቦታ መቆየት ነው።

ሥርዓቱ ይምጣልን አልልም፤ አገሩም ገንዘቡም ሌላ ነው። ጣሪያውንማ እኛም ሞክረነዋል። በነሐሴ 2011 ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ «በጎን የሚከፈል» የሚል ቃል ያልሰማ ደጋፊ ካለ እጁን ያውጣ። ከሜልበርን የምወስደው ደንቡን ሳይሆን የደጋፊውን ጥያቄ ነው። እነሱ የሚከራከሩት ስለ ጊዜ ነው። እኛ የምንከራከረው ስለ ሰው ነው፣ ያውም አይተነው ስለማናውቀው ሰው።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን መብት ምክንያት በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ይካሄዳል፤ የመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ነበር። የሆሳዕና ሰው ክለቡን ያየው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም በ2012 የነበረውን ጩኸት የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ሜዳ ተገኝተህ ስታይ ኳሱ የሌለበትን ቦታ ታያለህ። የመስመር ተከላካዩ ወደፊት ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር አጠገብህ ያለው ሽማግሌ «ይሄ ልጅ ሳንባ የለውም» ይልሃል። ካሜራ ኳሷን ነው የሚከተለው። ስለዚህ ስለ ተጫዋች ያለን ዕውቀት ጎልና ስህተት ብቻ ሆነ፣ ከዚያም ስም ብቻ። በሌላ በኩል ግን ቴሌቪዥኑ ጥሩ ነገር አምጥቷል፤ የሌሎቹን ክለቦች ተጫዋቾች በየሳምንቱ ማየት የቻልነው አሁን ነው። ድሮ የመቻል ግራ ተከላካይ ማን እንደሆነ ሆሳዕና ላይ የሚያውቅ አልነበረም። መረጃው አለ፣ ክርክሩ ግን ባለበት ቆሟል።

ዱራሜ ላይ የሆነው ደግሞ ከእኛም ይብሳል። ሀምበሪቾ ዱራሜ በ2015 ከከፍተኛ ሊግ ሲያድግ አብረውት ያደጉት ሻሸመኔ ከተማና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበሩ። ሦስት ክለብ በአንድ በር ገባ። በ2016 መጨረሻ ንግድ ባንክ የሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ ሀምበሪቾና ሻሸመኔ ወረዱ። ክለቡ ስሙን የወሰደበት ተራራ ላይ 777 ደረጃ ተሠርቷል፤ ቡድኑ ለመውጣት ዓመታት ፈጅቶበት ለመውረድ አንድ የውድድር ዓመት በቃው። ያደገ ክለብ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ነው፤ ያሳደጉን ልጆች ይቀጥሉ ወይስ ሊጉን የሚያውቁ ይምጡ? ከምባታ ልጆች ጋር ስለዚህ ሳወራ አብዛኞቹ ባንክን ይረግማሉ። ባንክ ብር አለው፣ እውነት ነው። ግን ብሩ ከሚገዛው ነገር ሁሉ ትልቁ ደመወዝ በሰዓቱ መድረሱ ነው። ተጫዋች ሐዋሳ ሆቴል ተኝቶ «የዚህ ወር ገባ ወይ?» እያለ ስልኩን የሚያይበት ቡድንና የማያይበት ቡድን አንድ ሜዳ ላይ እኩል አይሮጡም።

ወደ ደመወዝ ከመጣን አይቀር። በ2015ና በ2016 በሀዲያና በአጎራባች ዞኖች የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ የአደባባይ ዜና ነበር። ያኔ የክረምቱ ክርክር አዲስ ወገን አገኘ፤ «መምህር ሳይከፈለው ለአጥቂ ይከፈላል ወይ?» የሚል። ብዙ ደጋፊ ይህን ጥያቄ እንደ ጠላት ድምፅ ሰማው። ለእኔ በክርክሩ ውስጥ ከተነሱት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነበር። አራተኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ካልደረሰው ደመወዝ ጋር ክለቡን ሲደግፍ ከዋለ፣ ቢያንስ ያ ብር ከሰኔ 30 በኋላ ምን እንደሚተርፈው የመጠየቅ መብት አለው። ክለቡ ይፍረስ የሚሉትን አልከተልም፤ ለአንድ ዓመት ኪራይ የሚወጣ የሕዝብ ብር ግን ለማንም ለማስረዳት ይከብዳል። ሜዳ ይተርፋል። የተስፋ ቡድን ይተርፋል። ሦስት ዓመት የፈረመ የ19 ዓመት ልጅ ይተርፋል፤ ቢሄድ እንኳ የሚገዛው ክለብ ከፍሎ ይወስደዋል። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2013 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ፤ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲፈልገው ከቡና ጋር መደራደር ነበረበት፣ ምክንያቱም ልጁ ውል ነበረው።

ደቡብ አፍሪካ ከተነሳ ደግሞ ሆሳዕና ላይ የአገሩ ስም ሌላ ትርጉም አለው። ከሀዲያና ከከምባታ ከተሞች የ18 ዓመት ልጅ የሚሄድበት መንገድ ሰንዳውንስ ጋ አያደርስም። ቤተሰብ መሬት ወይም ከብት ሸጦ ለደላላ ይከፍላል፤ መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ ነው። መጋቢት 2012 ላይ፣ ሊጋችን በኮሮና በቆመበት ወር፣ ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። ያን ሌሊት እኛ ሰፈር ስንቱ ቤት ስልክ ሲደዋወል እንዳደረ መገመት አይከብድም። እንግዲህ ይህች ከተማ የራሷን ልጅ በእግር ወደ ደቡብ እየሸኘች፣ የሌላ ከተማ ልጅ በአንድ ዓመት ውል ታመጣለች። ኳስ ስደትን ያስቆማል ብዬ አልዋሽም፤ አንድ ቡድን ቢበዛ 30 ሰው ነው። ግን 30 ልጅ ሲቆይ የሚያዩት ታናናሾቻቸው 300 ናቸው።

«የቤት ልጅ ይጫወት» የሚለውን ወገን የደገፍኩ መስሏችሁ ይሆናል። በከፊል ነው። ይህ ሐረግ አንዳንድ አፍ ላይ ሌላ ነገር ይሆናል። የቤት ልጅ ሲሉ የአባቱን ስም የሚያዩ ሰዎች አሉ። ለእኔ የቤት ልጅ ማለት በክለቡ ተስፋ ቡድን ያደገ ማለት ነው፤ ከሀላባ ይምጣ፣ ከስልጤ ይምጣ፣ ወላጆቹ ቤት ውስጥ ምንም ቋንቋ ይናገሩ። በስም የሚመርጥ ቡድን ከደላላ ከሚገዛ ቡድን የተሻለ አይደለም፤ ሁለቱም ሜዳው ላይ ያለውን ልጅ አላዩትም።

የሌላው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። አንድ ዘመዴ፣ በ2008 ያለቀሰ ሰው ነው፣ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ አንተ ልጆች ይታገሱ ትላለህ። ወርደን ሦስት ዓመት ማንም ሳያየን የቆየነውን ግን አታውቀውም። ወራጅ ቡድን ውስጥ የሚያድግ ልጅ የለም።» ልክ ነው። መውረድ ስፖንሰር ያሳጣል፣ ቴሌቪዥን ያሳጣል፣ ጥሩዎቹን ልጆች መጀመሪያ ያስኮበልላል። በ30 ጨዋታ 25ቱን በተስፋ ልጆች ተጫወቱ የሚል ሰው ክለቡን አይወደውም። መልሴ ግን በቤታችን ጓሮ አለ። ሀዲያ ውስጥ እንሰት ያለው ቤት ሁሉንም በአንድ ዓመት አይተክልም፣ ሁሉንም በአንድ ዓመት አይፍቅም። ችግኝ አለ፣ ሁለት ዓመት የሞላው አለ፣ ቦታው ተቀይሮ እየወፈረ ያለ አለ፣ ለመፋቅ የደረሰ አለ። እናቶቻችን የትኛው መቼ እንደሚደርስ በቃላቸው ያውቁታል። ለመፋቅ የደረሰው ዘንድሮ ያበላል፣ ችግኙ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ። የሜልበርን ልጆች «የሊስት ዕድሜ ስብጥር» ብለው ገበታ የሚስሉለት ነገር ይሄው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየክረምቱ ከሚፈርሙት ውስጥ አራት አምስቱ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑት፣ ሦስት ዓመት ይፈርሙ። ከተስፋ ቡድን የሚያድጉት ደቂቃ ይቆጠርላቸው፣ በቀልድ ለ90ኛው ደቂቃ መግባት አይቆጠር። ልምድ ያላቸው ይምጡ፣ ግን ቀናቸው ይሰባጠር፤ ግብ ጠባቂውና ሁለቱ መሀል ተከላካዮች በአንድ ሰኔ አይለቁ። ለሦስት ዓመት የሚፈረም ውል የሚከፈልበት ገንዘብ ደግሞ ከአንድ ኃላፊ ቃል የበለጠ ዋስትና ይፈልጋል፤ የክለቡ ቦርድ ሥራ መሆን ያለበት እሱ ነው፣ አሰላለፍ ላይ አስተያየት መስጠቱን ለእኛ ይተውልን።

ጎረቤቶቻችንን ማንሳት ሆሳዕና ላይ ቡና ያስደፋል፣ ቢሆንም ላንሳ። ወላይታ ድቻ በ2009 የኢትዮጵያ ዋንጫን ወስዶ በ2010 በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፎ በመለያ ምት አለፈ። የዞን ክለብ ነው። እንደ እኛ ዝናብ የሚዘንብበት፣ እንደ እኛ ቆጮ የሚበላበት አገር ክለብ። የጦና ንቦች ከዚያ በኋላ ያን ቡድን ስንት ዓመት አቆዩት የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ሶዶ ላይ ይከራከሩበት።

የእኛ ክርክር ደሞ ወሩን ይቀይር። ሐምሌ ላይ እኮ ሁሉም ነገር አልቋል፤ ውሉ ተቋርጧል፣ ደላላው ስልክ ላይ ነው፣ በጀቱ ተሰልቷል። «ዘንድሮ ስንት ውል ያልቃል? ከእነዚህ ውስጥ ማንን ነው አሁኑኑ የምታድሱት? በስንት ዓመት?» የሚባለው ጥር ላይ ነው፣ ዘግይቶ ቢባል ሚያዝያ፣ የከርሞው ዕቅድ ወደ ምክር ቤት ሳይሄድ። ሚያዝያ ላይ ግን ሁላችንም ካልኩሌተር ይዘን የወራጅ ቀጠና ሒሳብ ላይ ነን።